ላብ ነውር አይደለም፤ የታመመውን ከሶፍ አናርቀው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የማነሣው ርዕስ በአፋችን ለማውራት የምናፍረው፣ በአፍንጫችን ግን በየቀኑ የምንፈርድበት ነው፤ ላብ። በመስጂድ አገልግሎት ላይ ያለ ሰው ብዙ ዓይነት ቅሬታ ይሰማል። ስለ ማይክራፎኑ፣ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ጫማ ማስቀመጫው የሚባለው ወደ ኮሚቴው ይሄዳል። "እባክህ እገሌን ንገርልን፣ ከጎኑ መቆም አቃተን" የሚለው ግን ወደ ኮሚቴም ወደ ኢማሙም አይሄድም፤ በጆሮ ሹክ ተብሎ ለኢማሙ ረዳት ነው የሚመጣው። ይህን መልእክት ተሸክሞ የሄደ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ወንድምህን ለብቻው አድርገህ በለሰለሰ ቃል ስታነጋግረው ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ "በቀን ሁለቴ እታጠባለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?" የሚል ነው። አንዳንዱ ይህንንም አይልም። አንገቱን ይደፋና ከዚያ ቀን በኋላ በሶፍ ውስጥ አይታይም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የታመሙ አሉ። ሕመማቸው ስም ያለው፣ ሐኪም የሚያውቀው፣ አብዛኛውም ሕክምና ያለው ነው። እኛ ግን "ቆሻሻ" የሚል ስም ሰጥተን ከሐኪምም ከጀማዓም አርቀናቸዋል። እኔ የቂርአት ቤት ልጅ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ በታች ስለ አካላችን የምጽፈው በሕክምናው ዓለም የታወቀውንና የተረጋገጠውን ብቻ ነው። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው።

አላህ በቆዳችን ውስጥ ያስቀመጠው የማቀዝቀዣ ሥርዓት

በአንድ ሰው ቆዳ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉ። አብዛኞቹ "ኤክራይን" የሚባሉት ናቸው። እያንዳንዱ ዕጢ በቆዳ ውስጥ እንደ ክር ድውር የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ጫፉ በቆዳችን ላይ በዓይን በማትታይ ቀዳዳ ይከፈታል። ከሰውነታችን ሁሉ በጣም ተጠጋግተው የሚገኙት በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በግንባር ላይ ነው።

ሥራቸው ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው። አንጎላችን የደማችንን ሙቀት ይለካል። ሙቀቱ ከፍ ሲል በነርቭ በኩል ትእዛዝ ይሰጣል፤ ዕጢዎቹም ጨዋማ ውሃ ያወጣሉ። ይህ ውሃ ከቆዳችን ላይ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ቢተን 580 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ከሰውነት ያወጣል። በፀሐይ ላይ ጠንክሮ የሚሠራ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። ቱቦው ደግሞ ላቡን ወደ ላይ ሲያሳልፍ ከጨው የተወሰነውን መልሶ ወደ ሰውነት ያስገባል፤ ሰውነት ጨዉን ሁሉ እንዳያጣ ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

ሌሎቹ ዕጢዎች "አፖክራይን" ይባላሉ። እነዚህ በብብት፣ በጉያና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች ብቻ ያሉ ናቸው። ከልጅነት ጀምሮ በቦታቸው ቢኖሩም ሥራ የሚጀምሩት በጉርምስና ነው። የሚያወጡት ወፈር ያለ፣ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ልጆች ሲሮጡ ውለው በላብ ቢጠመቁም እንደ ትልቅ ሰው የማይሸቱት ለዚህ ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ላብ ከዕጢው ሲወጣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ሽታውን የሚፈጥሩት በቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የብብትን ቅባታማ ፈሳሽ ሲበሉትና ሲሰባብሩት የምናውቀው ሽታ ይወጣል። ስለዚህ ሽታው በሦስት ነገር ይወሰናል፤ ዕጢው በሚያወጣው ፈሳሽ መጠንና ዓይነት፣ በቆዳው ላይ በሰፈሩት ባክቴሪያዎች፣ እንዲሁም ፈሳሹ በቆዳና በልብስ ላይ በሚቆይበት ጊዜ። በመታጠብ የምንቆጣጠረው በተለይ ሦስተኛውን ነው፤ ሁለተኛውንም በከፊል እንቀንሳለን። የመጀመሪያው ከተፈጥሮ የሚመጣ ነው።

ለዚህ ትልቅ ማስረጃ አለ። በኮሪያ፣ በቻይናና በጃፓን የሚኖሩ አብዛኞቹ ሰዎች ከወላጆቻቸው በወረሱት አንድ የዘረ መል ልዩነት ምክንያት የብብታቸው ሽታ በጣም አነስተኛ ነው፤ የጆሯቸው ኩክም ደረቅ ነው። ይህ ከሌላው ዓለም ሕዝብ የበለጠ ስለሚታጠቡ የመጣ አይደለም። አላህ የፈጠረው ልዩነት ነው። የአንድን ሰው ዲንና ጠባይ በብብቱ ሽታ የሚመዝን ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ለብዙው ሰው የታወቀው ነገር ይበቃል። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ከታጠቡ በኋላ ብብትን በደንብ ማድረቅ፣ ሸሚዝን ሳያጥቡ ደጋግሞ አለመልበስ፣ ከናይለን ይልቅ ጥጥ መምረጥ። የብብትን ፀጉር ማስወገድ ከፊጥራ ሱናዎች አንዱ ነው፤ ከ40 ቀን በላይ እንዳይተውም በሐዲሥ ተወስኗል። ፀጉሩ ሲወገድ ፈሳሹና ባክቴሪያው የሚጣበቅበት ቦታ ስለሚቀንስ ሽታውም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶችን ላንሣ። አንደኛው ሳይታጠቡ ሽቶ መርጨት ነው። ሽቶ ባክቴሪያውን አያስወግድም፤ ሁለቱ ሽታዎች ተቀላቅለው የባሰ ይሆናል። ሁለተኛው በተላጨ ብብት ላይ ሎሚ ማሸት ነው። የሎሚ አሲድ የተላጨ ቆዳን ያቃጥላል፤ የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ለሌላ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ይህን ሁሉ በትክክል እያደረገ ሽታው ያልተወው ሰው ግን ካለ፣ ጉዳዩ የሳሙና መሆኑ አብቅቷል። ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። በቆዳ ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች የሚቀንሱ መታጠቢያዎችና ቅባቶች አሉ።

ያለ ሙቀት የሚያልበው መዳፍ

በመድረሳ ያስተማረ ሁሉ እንዲህ ያለ ደረሳ አጋጥሞት ያውቅ ይሆናል። ሎሑን ሲይዝ ቀለሙ በላቡ ይደበዝዛል፤ ወረቀት ሲሰጡት ይረጥባል፤ ቁርኣኑን በመሐረብ ይይዛል። ከሰላት በኋላ እጅ ለእጅ ስንጨባበጥ እጁን ወደ ኋላ ይደብቃል ወይም ቶሎ ብሎ ይወጣል። ሰው "ኩሩ ነው" ይለዋል፤ ኡስታዙ "ሎሕህን በንጽሕና አትይዝም" ብሎ ይቆጣዋል። በቆጡት ቁጥር ይደነግጣል፤ በደነገጠ ቁጥር መዳፉ የባሰ ያልበዋል። የመዳፍ ዕጢዎች ከሙቀት ይልቅ ለጭንቀትና ለድንጋጤ ነው የሚታዘዙት።

ይህ ሃይፐርሃይድሮሲስ ይባላል፤ ከልክ ያለፈ ላብ ማለት ነው። ዕጢዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ችግሩ የሚያዛቸው ነርቭ ከሚገባው በላይ መቀስቀሱ ነው። ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው። በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል፤ በቀኝና በግራ እኩል ነው፤ በመዳፍ፣ በውስጥ እግር፣ በብብት ወይም በፊት ላይ ያተኩራል፤ ሰውየው ሲተኛ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ከቤተሰቡ ሌላ ተመሳሳይ ሰው ይገኛል። ከፍርሃት፣ ከደካማ ኢማን ወይም ከመጥፎ ሥራ የመጣ አይደለም።

ሕክምናው ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት ላብ ቀናሽ ቅባት ነው። ይህን የሚጠቀም ሰው አንድ ምስጢር ይወቅ፤ የሚቀባው ማታ ከመተኛቱ በፊት በደረቅ ቆዳ ላይ ሲሆን ጠዋት ይታጠበዋል። በእርጥብ ወይም አሁን በተላጨ ቆዳ ላይ ከተቀባ ያቃጥላል። ሱቅ ላይ "ዲኦዶራንት" እያልን የምንገዛው ሁሉ አንድ አይደለም። ዲኦዶራንት ሽታን ብቻ ይቀንሳል፤ ላቡን የሚቀንሰው "አንቲፐርስፒራንት" የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ብብትን ብቻ ማድረቅ ሰውነት ሙቀት ማውጣት እንዳይችል አያደርግም፤ ሚሊዮን ዕጢዎች በሌላው ቆዳ ላይ አሉና።

ይህ ካልበቃ እጅን ወይም እግርን በቧንቧ ውሃ ውስጥ አድርጎ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያሳልፍ መሣሪያ አለ። ለብብትና ለመዳፍ ነርቭና ዕጢ እንዳይገናኙ ለወራት የሚያደርግ የቦቶክስ መርፌ አለ። የሚዋጡ መድኃኒቶችም አሉ፤ አፍን ያደርቃሉ፣ በሙቀት ቦታ ደግሞ ሰውነት ራሱን እንዳያቀዘቅዝ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም አይወሰዱም። የመጨረሻው በደረት ውስጥ ያለውን ነርቭ የሚቆርጥ ቀዶ ሕክምና ነው። መዳፉን ያደርቃል፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች ከዚያ በኋላ ጀርባቸውና ሆዳቸው ከልክ በላይ ያልባቸዋል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሳይሞከር ወደዚህ አይቸኮልም።

ልጁ ያን ሁሉ ባያገኝ እንኳ ኡስታዙ ለሎሑ ደረቅ ፎጣ ቢሰጠውና በሰው ፊት ባይቆጣው ግማሹ ሸክም ይቀልለታል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ብብት ሥር የተደበቀው ሕመም

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። በብብት፣ በጉያ፣ በጡት ሥር ወይም በመቀመጫ አካባቢ እንደ ብጉንጅ የሚያብጥ፣ የሚያመረቅዝ፣ ፈንድቶ የሚድን የሚመስል፣ ከዚያ እዚያው አጠገብ ተመልሶ የሚመጣ ሕመም አለ። ሲቆይ ከቆዳ ሥር ቱቦ ይሠራል፤ መግል ያፈስሳል፤ ጠባሳ ይተዋል፤ ሽታም አለው። ስሙ ሃይድራደናይተስ ሰፑራቲቫ ይባላል።

ሕመሙን ከላብ ዕጢ ጋር አያይዞ የሰየመው ቬርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። የስሙ ትርጉም "የሚያመረቅዝ የላብ ዕጢ ብግነት" ማለት ነው። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ሕመሙ የሚጀምረው በላብ ዕጢው ሳይሆን በፀጉሩ ሥር መሆኑን አሳይተዋል። የፀጉሩ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ያብጣል፤ ከቆዳ ሥር ይፈነዳል፤ ሰውነትም ከልክ ባለፈ ብግነት ይመልሳል። የላብ ዕጢው በእሳቱ ጎን ያለ ጎረቤት ሆኖ ነው የሚቃጠለው። ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ፤ "ላቡ ነው ያበላሸው" የሚለው ወሬም አብሮ ቀረ።

ስለዚህ በግልጽ እንናገር። ይህ ሕመም ከቆሻሻ አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመጨባበጥም፣ በአንድ ሶፍ በመስገድም፣ በትዳርም። የዝሙት በሽታ አይደለም። በዘር ሊመጣ ይችላል፤ ሲጋራና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያባብሱታል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጉርምስና በኋላ በወጣትነት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ሴቶች ከወንዶች በብዙ ይበልጣሉ። በእነዚያ ሀገራት እንኳ በሽተኛው ትክክለኛውን ስም እስኪሰማ በአማካይ 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የሚያፍሩበት ቦታ ላይ ስለሆነ አያሳዩም፤ ያሳዩትም "ብጉንጅ ነው" ተብለው ይመለሳሉ።

እኅቶቻችንን አስቡ። ጉያዋ ወይም ጡቷ ሥር የሚያመረቅዝ ሴት ለማን ትናገራለች? ለእናቷ ብትናገር "ታጠቢ" ትባላለች፤ ለባሏ ብትናገር ምን ይመጣብኝ ይሆን ብላ ትፈራለች። በምላጭ ትበጣዋለች፣ ትጨምቀዋለች፣ በጋለ ነገር ታስተኩሳለች። ይህ ሁሉ ቱቦውን ያሰፋዋል። በጊዜ የተያዘ ሕመም ግን በሚቀባ ወይም በሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ ሊታገስ ይችላል፤ ለከባዱ ደረጃ በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶችና ቀዶ ሕክምና አሉ። በስድስት ወር ውስጥ ሁለቴና ከዚያ በላይ እዚያው ቦታ ተመልሶ የመጣ ብጉንጅ ካለ "ይህ በሽታ ይሆን?" ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ነው። ባሎችም ስሙ፤ ሚስትህን ወደ ሐኪም መውሰድ ከነፈቃዋ ሁሉ በፊት የወዳጅነት መብቷ ነው።

ስለ ውዱእ የሚጨነቁ አሉ፤ በአጭሩ ላንሣው። የሰው ላብ በራሱ ጣሂር ነው፤ ውዱእ አያበላሽም። ከቁስል የሚወጣ ደምና መግል በሻፊዒይ መዝሀብ ውዱእ አያፈርስም። በሐነፊይ መዝሀብ የሚፈስስ ከሆነ ያፈርሳል፤ ሆኖም ፈሳሹ የማይቋረጥለት ሰው ባለ ዑዝር ነውና ለእያንዳንዱ ሰላት ወቅት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ዝርዝሩን ከምታምኗቸው መሻኢኾች ጠይቁ። ዲናችን በሽተኛን ከሰላት የሚያስወጣበት መንገድ እንደሌለው ግን እወቁ።

ላብ ደወል ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ላቡ ራሱ በሽታው አይደለም፤ ስለ ሌላ በሽታ የሚነግር ደወል ነው። እነዚህን በቃላችሁ ያዙ።

ሌሊት ልብስ እስኪርስ ማላብ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ከተገናኙ የሳንባ ነቀርሳ ይጠረጠራል። ምርመራውና መድኃኒቱ በሀገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ሳል ሳይኖር የሚመጣ የሌሊት ላብም ቢሆን ከቆየ ሐኪም ይየው።

የስኳር ሕመምተኛ በረመዳን ጾም ላይ ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠና ልቡ ከመታ ስኳሩ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ጾሙን ወዲያው ያፍርስና ጣፋጭ ነገር ይውሰድ። መግሪብ እስኪደርስ መታገስ እዚህ ላይ ጀግንነት አይደለም።

ደረትን የሚጫን ሕመም ከቀዝቃዛ ላብ ጋር ከመጣ የልብ ድንገተኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። ውሃ ረጭቶ መጠበቅ ሳይሆን ሆስፒታል መሮጥ ነው።

አለማላብም ደወል ነው። በቆዳ ላይ ነጣ ያለ ወይም የቀላ ምልክት ወጥቶ ስሜት ካጣ፣ ላብም ካላወጣ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ስሜትን ብቻ ሳይሆን ላብን የሚያዝዘውን ነርቭም ይጎዳልና። ይህም በነፃ ይታከማል፤ በጊዜ ከተያዘ አካል ሳይጎዳ ይድናል። ጥርሱ የጎደለ፣ ፀጉሩ የሳሳና በሙቀት ጊዜ ላብ የማያወጣ ልጅ ካለም የላብ ዕጢዎች ሳይኖሩት የተወለደ ሊሆን ስለሚችል በፀሐይ መተው አደገኛ ነው። ጤነኛ ሕፃን ደግሞ በጋቢና በብርድ ልብስ ከመጠን በላይ ሲጠቀለል የላብ ቱቦዎቹ ይደፈኑና ትናንሽ ሽፍታ ይወጣበታል። መድኃኒቱ ቀለል አድርጎ ማልበስ ነው።

ለሐጅ የምትዘጋጁ ደግሞ ልብ በሉ። በ1445 ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. 2024 በነበረው ሐጅ በመካ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ በላይ ደርሶ ነበር፤ የሳዑዲ መንግሥት የ1301 ሰዎችን ሞት አስታውቋል። አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የሄዱና መጠለያ ያልነበራቸው ናቸው። አላህ ይዘንላቸው። ከደጋ የሚሄድ ሰው የላብ ዕጢዎቹ ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀትር ፀሐይ አትውጡ፤ ጃንጥላ ያዙ፤ ውሃ ደጋግማችሁ ጠጡ፤ ብዙ ካላባችሁ የጠፋውን ጨው የሚተካ ኦአርኤስ ጨምሩ። በፀሐይ የዋለ ሰው መቀባዠር ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም ቶሎ ወደ ጥላ ወስዶ በውሃ ማራስና እርዳታ መጥራት ነው።

ስለ ሶፉስ ምን እንበል?

የሚቃወሙኝን አውቃለሁ። "የጀማዓውስ ሐቅ? ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይመጣ በሐዲሥ ተነግሮ የለም ወይ? ከፉቀሃእም የብብት ሽታ ያለበትን በዚህ የቆጠሩ አሉ" ይላሉ። ትክክል ነው፤ ሽታ ሰውን ይጎዳል፤ መላእክትንም ይጎዳል። ይህን የሚያቃልል የለም። ነገር ግን ፉቀሃኡ ያን ሲጽፉ ከሚያነሷቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ሰው ከጀማዓ መቅረቱ ዑዝር እንዳለው ነው። ለበሽተኛው የተሰጠ ሩኽሳ ነው፤ ለጤነኛው የተሰጠ አለንጋ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትን የሚበላው ወዶ ነው፤ በሽታን ግን የሚመርጥ የለም።

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አካሄድ እንመልከት። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘገባ ሰዎች ከሩቅ መንደር በአቧራና በላብ ሆነው ለጁሙዓ ይመጡ ነበር። አላባረሯቸውም፤ ለዚህ ቀን ብትታጠቡ መልካም ነበር በሚል የለሰለሰ ቃል ነው የመከሯቸው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ደግሞ ስለ ጁሙዓ ትጥበት ሲጠየቁ ከነሁኔታው ነው ያስረዱት። ሰዎቹ ድሆችና ሠራተኞች ነበሩ፤ ልብሳቸው ሱፍ ነበር፤ መስጂዱ ጠባብ ጣሪያውም ዝቅተኛ ነበር፤ ቀኑም ሞቃት ነበር። ላቡ የሰውየው ጥፋት ተደርጎ አልተተረከም፤ የልብሱ፣ የጣሪያውና የሥራው ጉዳይ ሆኖ ነው የተተረከው። በኋላ አላህ ሲሰጣቸው፣ ልብሱ ሲቀየርና መስጂዱ ሲሰፋ መቸጋገሩ መቀነሱንም አክለው ነግረውናል።

ከዚህ ለመስጂዶቻችን ሥራ ይወጣል። በጁሙዓ ቀን በሰው የሚጨናነቅ መስጂድ መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ ኹጥባው ከመጀመሩ በፊት ይከፈት። በውዱእ ቦታው ሳሙና አይጥፋ። ከግንባታ ሥራ፣ ከመርካቶ ሸክም፣ ከጋራዥ በቀጥታ የሚመጣ ወንድም ሸሚዙን የሚቀይርበትና ብብቱን የሚታጠብበት አንድ ክፍል ቢኖር ለማን ይጎዳል? ምንጣፍ ለመቀየር ገንዘብ የምናሰባስበውን ያህል ለዚህም ብናሰባስብ አጅሩ ያነሰ አይመስለኝም።

መንገር ያለበት ሰውም እንዲህ ይንገር። ለብቻው ሆኖ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጊዜ። "ሸተትክ" አትበሉ፤ "ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላማክርህ፤ ይህ ነገር አንዳንዴ ሕክምና የሚፈልግ ነው፤ ጤና ጣቢያ አብሬህ ልሂድ?" በሉ። "እታጠባለሁ" ካለ እመኑት። ከጤና ጣቢያው ወደ ቆዳ ሐኪም እንዲላክ ይጠይቅ። አዲስ አበባ ያለውን የአለርት ሆስፒታል ብዙዎች ለሥጋ ደዌ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ሌሎች የቆዳ ሕመሞችንም ያክማል። በየክልሉ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም የቆዳ ሐኪም ይጠየቃል። የመጓጓዣና የመድኃኒት ገንዘብ ያጣ ካለ ደግሞ ሶደቃ ማለት ይህ ነው።

በሽታውን ለያዘው ወንድም፣ ለያዛት እኅት አንድ ቃል ልጨምር። የደረሰባችሁ ከአላህ ቅጣት ነው ብሎ የሚነግራችሁን አትስሙ። በሽታ ለሙእሚን የወንጀል ማበሻ እንደሆነ ተምረናል፤ መታከምም ታዘናል። ስታሳዩ የምታፍሩበትን ቦታ ሐኪሙ በየቀኑ የሚያየው ነው። እኅቶች ሴት ሐኪም ጠይቁ፤ ካልተገኘች ለሕክምና በሚያስፈልገው ልክ መገለጥ ዑለሞች የፈቀዱት ነው። ዝም ብሎ መኖር የሚያተርፈው ጠባሳን ብቻ ነው።

ያ አላህ፣ ሕመምተኞቻችንን ሙሉ ሺፋእ ስጣቸው። ሶፋችንን በአካል ብቻ ሳይሆን በልብም የተጠጋጋ አድርግልን። ከወንድማችን ፊታችንን ከማዞር ጠብቀን። አሚን።

ይህን ጽሑፍ በየመድረሳው ላሉ ኡስታዞችና ለመስጂድ ኮሚቴዎች አድርሱት። ከጓደኞቻችሁ መካከል ከሶፍ የጠፋ ካለም ዛሬውኑ ደውሉለት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።